ልብስ የለበሰ ምሰሶ

በጋራዡ ሰፈር በስሙ የሚጠራው የለም። «ጋሽ መዶሻ» ነው የሚሉት። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የተጨራመተ መኪና ሲያቃና የኖረ ባትላሜራ ነው፤ ቆርቆሮውን ቀጥቅጦ፣ ስቱኮ ለቅልቆ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ፣ ትናንት ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን መኪና ከፋብሪካ እንደወጣ አድርጎ ይመልሰዋል። ጀርባው ጎብጧል። የግራ ጆሮው በመዶሻ ጩኸት ደንቁሯል። ምላሱ ግን ምንም አልሆነች።

ሾፌር የሚባል ፍጥረት ዓይኑ ሊያየው አይወድም። እሱ ራሱ መንጃ ፈቃድ አውጥቶ አያውቅም፤ ለምን ሲሉት «ሬሳ አጣቢ ነህና እስቲ አንዴ ሬሳ ሁን ይባላል እንዴ?» ብሎ ያሾፋል። የሚንቃቸው በመጋጨታቸው አይደለም፣ በውሸታቸው ነው። አንዱ ይመጣና አጥር ገጨኝ ይላል። «እየሮጠ መጣብህ? አይ የዘንድሮ አጥር!» ሌላዋ መንገዱ ያንሸራትት ነበር ትላለች፣ ዝናብ ከጠፋ ወር ሆኖታል። ጋሽ መዶሻ የተሰረጎደውን ቦታ በአውራ ጣቱ ይዳብስና እውነቱን ያወጣዋል። ፍሬን የተያዘ መኪና አፍንጫውን ይደፋል፤ ምቱም ቆርቆሮው ላይ ከፍ ብሎ ያርፋል። ፍሬን ያልነካ ሾፌር የገጨው ግን ዝቅ ብሎ ሙሉ ለሙሉ ይገባል። እንዲህ ያለውን ሲያገኝ ቀና ብሎ «እና ስልኩ ላይ ምን ነበር? ቁም ነገር ነው ወይስ ሳቅ?» ይላል። ሰውየው ጆሮው ድረስ ይቀላል። ጋሽ መዶሻም ደስ ብሎት መዶሻውን ያነሳል።

ማንቋሸሹ እንጂ ሥራውን እምቢ ማለቱ ታይቶ አይታወቅም።

ከሾፌሮች ሁሉ አብልጦ የሚንቀው ደግሞ የገዛ እህቱን ባል ነበር። ሰውየው የተማሪዎች ሰርቪስ ሚኒባስ ይነዳል። ደረቱን ነፍቶ «በአንድ እጄ መሪ፣ በአንድ እጄ ስልክ፣ ሃያ ዓመት ነዳሁ፤ አንድ ዶሮ አልገጨሁም» የሚል ነው። ምሳ ላይ ሁለት ቢራ ካልጠጣ እጁ አይፍታታም፤ ሦስተኛው ለዓይን ጥሩ ነው ይላል። በቤተሰብ ግብዣ ላይ ይህን ባወራ ቁጥር ሰው ይስቃል። ጋሽ መዶሻም ይስቅ ነበር፤ በንቀት ይሁን እንጂ ሳቅ ያው ሳቅ ነው።

አንድ ማክሰኞ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ሚኒባሱ ጋራዡ ውስጥ ጥልቅ አለ። የቀኝ መብራቱ ረግፏል፣ ከጎማው በላይ ያለው ፓራፋንጎ ወደ ውስጥ ገብቷል። የእህቱ ባል ሞተሩን ሳያጠፋ ዘሎ ወረደ።

«ጋሼ፣ ድረስልኝ! ምሰሶ ነካሁ። መብራቱን ብቻ ቀይርልኝና ይህቺን ጎትተህ አውጣልኝ። ዘጠኝ ተኩል ላይ ልጆቹን ማውጣት አለብኝ።»

ትንፋሹ ቢራ ቢራ ይላል። ስልኩ እጁ ላይ ነው፤ አሁንም ይንጫረራል፣ አሁንም ያየዋል።

ጋሽ መዶሻ ጎንበስ ብሎ ዳበሰ። ምቱ ዝቅ ያለ ነው፤ ፍሬን የሚባል ነገር አልተነካም። ምሰሶ ቆርቆሮን ይቀድዳል፣ ይሰነጥቃል፤ ይሄ ግን በለስላሳ ነገር እንደተገፋ ሰፋ ብሎ ነው የጎደጎደው። ከተሰበረው መብራት ጠርዝ ላይ ደግሞ መዳፍ የምታህል ሰማያዊ ጨርቅ ተሰክታለች። በሁለት ጣቱ አወጣት።

«ምሰሶው ልብስ ለብሶ ነበር?»

«ጋሼ... ድንገት እኮ ነው የገባችብኝ።»

«ማን?»

«አንዲት ሴትዮ። ከዜብራው ላይ። መልእክት ነገር... ለአንድ አፍታ ዝቅ ብዬ ሳነብ...»

«ቆምክ?»

«ሰው ተሰብስቦ ነበር። ያነሷታል ብዬ...»

ጋሽ መዶሻ በመስኮቱ እጁን ሰዶ ሞተሩን አጠፋና ቁልፉን ኪሱ ከተተ።

«ቁልፌን! ሃያ ሁለት ልጅ ይጠብቀኛል!»

«አንተን ነው የሚጠብቁት? አይ የልጆች ነገር!» አለና ለትምህርት ቤቱ ስልክ ደውሎ ሌላ መኪና እንዲልኩ ነገራቸው። ምክንያቱን አልደበቀም።

የእህቱ ባል ቁልፉን ማስመለስ ሲያቅተው ለሚስቱ ደወለ። እህትየው የምትሠራበትን ፀጉር ቤት ጥላ፣ ሽርጧን ሳታወልቅ በሩብ ሰዓት ውስጥ ደረሰች።

«ወንድም ጋሼ፣ በሞቴ! የልጆቼን አባት ታሳስራለህ?»

«የገጫትስ የማን እናት ትሆን?»

«አሁን ነው ጻድቅ የሆንከው?» አለች፤ ልመናዋ ድንገት ወደ ቁጣ ዞረ። «ስንቱን ጠርገህ፣ ቀብተህ፣ አንጸባርቀህ መልሰሃል? ምን እንደገጨ ጠይቀህ ታውቃለህ? ቀልድህን ትቀልዳለህ፣ መዶሻህን ታነሳለህ። የሌላውን ስትሸፍን ኖረህ የእኔ ሲሆን ነው ሕግ ትዝ ያለህ?»

ይሄኛው አጥንቱ ድረስ ገባ። ከዓመታት በፊት የመጣች አንዲት ነጭ ፒካፕ ትዝ አለችው። ዝናብ መጥረጊያዋ ላይ ረጅም ፀጉር ተጠምጥሞ ነበር። ባለቤቱ «ውሻ ነው» አለው። እሱም «ውሻው ፀጉሩን ይሠራ ነበር?» ብሎ ቀለደና፣ ፀጉሩን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጎ፣ ኮፈኗን አቃንቶ፣ በሦስተኛው ቀን አስረከበ። ከዚያ ወዲያ ያንን ሰው አላየውም። ፀጉሩ የማን እንደነበርም አላወቀም፤ ማወቅም አልፈለገም። ስንቱን ፈሪ ሲሰድብ የኖረው ሰውዬ፣ ፈሪዎቹ ሁሉ እጁን ተማምነው የሚመጡበት ሰው ሆኖ ኖሯል።

«ልክ ነሽ» አላት። «ጠይቄ አላውቅም።»

ከዚያም ትራፊክ ፖሊስ ጠራ። ጨርቋን በንጹሕ ወረቀት ጠቅልሎ ሰጠ፤ ስለ ምቱም፣ ስለ ፍሬኑም፣ ስለ ትንፋሹም ሲጠይቁት አንድ ሳያስቀር ተናገረ። የእህቱ ባል ወደ ፖሊስ መኪናው ሲገባ እንኳ ስልኩን ይነካካ ስለነበር ፖሊሱ ተቀበለው።

የተገጨችው ልብስ ሰፊ ነበረች፤ የዳሌ አጥንቷና አንድ እጇ ተሰብሯል። ጋሽ መዶሻ በሳምንቱ ብርቱካን ይዞ ሆስፒታል ሄደና አልጋዋ ግርጌ ቆሞ ማንነቱን ነገራት። ሴትዮዋ ከላይ እስከ ታች አየችው።

«እና አመሰግናለሁ እንድልህ ነው የመጣኸው?»

«አይደለም።»

«እንግዲያው ምንድን ነው የምትቆመው? ተቀመጥና ላጥልኝ። እጄን እንደምታየው ነው።»

ልጦ፣ እየገመሰ አጎረሳት። ስለ እህቱ ባል ስትጠይቀው የሚያውቀውን ሁሉ ነገራት፤ ሃያ ዓመት ስለ ፎከረበትም፣ እሱ ራሱ በግብዣው ላይ አብሮ ስለ ሳቀበትም ጭምር። «ጥሩ ዘመድ ነው ያላችሁት» አለች፤ ሁለቱንም በአንድ ላይ እየናቀች። እሱም ሌላ ብርቱካን አንስቶ መላጥ ጀመረ።

ሰውየው ተፈረደበት፤ መንጃ ፈቃዱንም ተቀማ። እስካሁንም ድረስ ጥፋቱ የእሱ ሳይሆን፣ በዚያች ሰዓት መልእክት የላከበት ጓደኛው ነው ብሎ ያምናል። እህትየው አንድ ዓመት ወንድሟን ሳታናግር ቆየች። አሁን ታናግረዋለች፤ ግን በቀኝ ጆሮው በኩል ቆማ አታውቅም፤ ሁልጊዜ በደነቆረው በኩል ነው። እሱም ድገሚልኝ አይላትም።

ጋራዡ ውስጥ ግን ነገር ተለወጠ። ጋሽ መዶሻ ዛሬም ይሳደባል፣ ግን መዶሻውን ከማንሳቱ በፊት ይጠይቃል። «የት ቦታ? ስንት ሰዓት? ምን ገጭተህ?» መልሱ ካላማረው ለትራፊክ ፖሊስ እደውላለሁ ይላል፤ ይደውላልም። ከደንበኞቹ ግማሾቹ ቀርተዋል። መንገድ ማዶ ያለው፣ ምንም የማይጠይቀው ባትላሜራ ግቢው ሞልቶ መኪና እስከ አስፋልት ድረስ ተሰልፎለታል። ጋሽ መዶሻ በሩ ላይ ቆሞ ሰልፉን ያያል፣ ምራቁን ጢቅ ይላል፣ ይገባል።