ግማሽ ሉክ

ወረቀት በማስመሪያ ጠርዝ ሲቀደድ የሚያሰማው ድምፅ እስከ ዛሬ እስክሪብቶ ፍለጋ ኪሴን ያስዳብሰኛል። ባለፈው ሳምንት ከባለቤቴ ጋር ሐይቁ ዳር ቁጭ ባልንበት፣ አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አጠገባችን ሉክ ለሁለት ቀድዳ ግማሹን ለጓደኛዋ ሰጠች። እኔ ሽማግሌው «ለእኔስ?» ልላት ምንም አልቀረኝ።

ተማሪ ሳለን የጂኦግራፊ አስተማሪያችን ሳይነግረን ይገባና «ግማሽ ሉክ» ይል ነበር። ኩዊዝ ነው ማለት ነው። «ለማርክ አይምሰላችሁ» ይለናል፤ «ያልገባችሁን እንዳውቅ ነው።» ጽፈን ስንጨርስ ከጎናችን ካለው ልጅ ጋር ወረቀት ተለዋውጠን እንተራረማለን። ኤክስ ብቻ ማድረግ ክልክል ነው፤ ትክክለኛው መልስ በቀይ መጻፍ አለበት።

ከጎኔ የምትቀመጠው ልጅ የቀይ እስክሪብቶዋን ክዳን እያኘከች ታርመኛለች። በመስኮቱ የሐይቁ የዓሣ ሽታ ይገባል፤ በቆርቆሮው ቀዳዳ የሚወርደው ብርሃን እጇ ላይ ያርፋል። መጀመሪያ መጀመሪያ የተሳሳትኩት በተፈጥሮ ስጦታዬ ነው። ኋላ ግን እጇ ወረቀቴ ላይ እንዲቆይ ብዬ ሆን ብዬ መሳሳት ጀመርኩ።

አንድ ቀን የኢትዮጵያ ትልቁ ሐይቅ የትኛው እንደሆነ ተጠየቅን። «ሀዋሳ» ብዬ ጻፍኩ። ኤክስ አድርጋ «ጣና» ብላ ጻፈችና ከሥሩ «ከሰፈርህ ወጣ በል» ብላ ጨመረችበት። ስንወጣ ያዘችኝ።

«ትናንት ራስህ አይደለህ እንዴ ያስጠናኸኝ?»

«ረሳሁት።»

«ውሸታም።»

ከዚያ ወዲህ ስታርመኝ በጣም ቀስ ብላ ነበር የምትጽፈው።

ያቺ ልጅ ናት ባለቤቴ። ስታርመኝ አረጀን፦ የምሄድበትን መንገድ፣ የሸሚዜን ቁልፍ፣ ለእንግዳ የማወራውን ወሬ ሁሉ። ከጊዜ በኋላ መርሳት ያዛት። አንድ ለጋ ሐኪም «እማማ፣ አሁን ያለነው የት ከተማ ነው?» ሲላት ልትኮርጅ ዓይኗን ወደ እኔ ሰረቅ አደረገች። ያውም ከክፍሉ ሰነፍ!

እኔም የራሴን ኩዊዝ ጀመርኩ። ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ዳር እንቀመጥና «ጣና ዛሬ ረግቷል» እላታለሁ። «አይ አንተ፣ ሀዋሳ ነው እንጂ» ትለኛለች። ኤክሴን ይዤ ደስ ብሎኝ ቤቴ እገባለሁ። ስሜ የጠፋባት ቀን እንኳ ይህን አልሳተችም።

ባለፈው ሳምንት ግን፣ ሉክ የተካፈሉት ተማሪዎች ከሄዱ በኋላ፣ እንደ ልማዴ ጠየቅኋት።

«ጣና ዛሬ ረግቷል።»

ውሃውን ብዙ አየችው። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ዳር ላይ አንገታቸውን ሰብረው ቆመዋል። ከዚያ ለማያውቁት ሰው እንደሚደረገው በትሕትና ፈገግ አለችልኝ።

«አዎ፣ ረግቷል።»

ያቺ ሴት ሳታርም ያለፈችልኝ የመጀመሪያው ስህተቴ ነው። ያን እስክሪብቶ ይይዝ የነበረውን እጇን ያዝኩና «ሀዋሳ ነው» አልኳት፤ በጣም ቀስ ብዬ፣ እሷ ትጽፍልኝ እንደነበረው።