በውኃ ያጠብኩት ታፋ

ይህ የሆነው በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ፣ በፋሲካ ሰሞን ነው። ዓመታት አልፈዋል። ግን እስከ ዛሬ ሰው «የእግዜር ሥራ ነው፣ ምን ታደርገዋለህ» ሲለኝ ያንገበግበኛል። የእግዜር አልነበረም፤ የኔ ነው።

ያን ጊዜ የምኖረው አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ነበር። ለፋሲካ ስምንት ቤተሰብ ሆነን ቅርጫ ገባን። ቨርጂኒያ ገጠር ውስጥ ካለች አንዲት ትንሽ ቄራ በሬ ገዛን። ሥጋ አዋቂ ነኝ ባዩ እኔ ስለነበርኩ አሳራጁም እኔ ሆንኩ።

በሬው ሲገፈፍ ቆዳው ተገልብጦ ታፋውን እበት አስነካው። ሠራተኛው ፈረንጅ ያን ቦታ ቆርጦ ሊጥለው ቢላዋውን ይዞ መጣ። እኔ ሆዬ እጁን ያዝኩት። ታፋ እኮ ነው፣ የክትፎ ሥጋ! «ተወው፣ አጥበዋለሁ» አልኩት። እንደ ፍጥርጥርህ በሚል ዓይን አይቶኝ ሄደ። በውኃ ሙልጭ አድርጌ አጠብኩት። የቀረውን ሚጥሚጣው ይጨርሰዋል ብዬም ለራሴ ቀለድኩ። ለማንም አልተናገርኩም።

በማግስቱ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ጓደኛዬ ጌታቸው ቤት ፆም ፈታን። ክትፎው ከዚያው ታፋ ነበር። ሚስቱ ትዕግሥት፣ «ለሳሮን ጥሬ እንዳትሰጡብኝ፣ የሷን ለብቻ አብስዬላታለሁ» ብላ አስጠነቀቀችን። ሳሮን አንድ ልጃቸው ናት፤ አምስት ዓመቷ ነበር።

ትዕግሥት ወደ ኪችን ስትገባ ልጅቷ ጉልበቴ ላይ ወጥታ እንደ ጫጩት አፏን ከፈተችልኝ። አላስቻለኝም፣ ማንም ሳያይ አጎረስኳት። «ሞር፣ አንክል መስፍን!» አለችኝ። «አዎ፣ አንድ ጉርሻ ያጣላል» ብዬ ደገምኩላት።

ሐሙስ ዕለት ሳሮን ሆዷን ታመመች። ትዕግሥት ኮል ስታደርግልኝ፣ «የፆም መፍቻ ሆድ ነው፣ እኔንም ቆርጦኛል። አብሽ ስጫት» አልኳት። ቅዳሜ ደም ያስቀምጣት ጀመር። ሆስፒታል ወሰድናት።

ዶክተሯ ከከብት እበት የሚመጣ ባክቴሪያ ጠርጥራ፣ ልጅቷ በደንብ ያልበሰለ የበሬ ሥጋ በልታ እንደሆነ ጠየቀች። ትዕግሥት ፈጥና፣ «ኖ! የሷን ሁልጊዜ ለይቼ ነው የማበስለው» አለች። እኔ አጠገቧ ቆሜያለሁ።

የተናገርኩት በአራተኛው ቀን፣ ኩላሊቷ ሥራ አቁሞ ማሽን ላይ ስትውል ነው። እበቱንም፣ ጉርሻውንም ተናገርኩ። ጌታቸው ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ። ትዕግሥት አልጮኸችም።

«ስንት አጎረስካት?» ብቻ አለችኝ።

«ሁለት» አልኳት።

ያኑ ቀን ለየቤቱ ደውዬ የተረፈውን ሥጋ አስጣልኩ። ሌላ ሰው ላይ የከፋ ነገር አልደረሰም። ሳሮን ግን ከሁለት ሳምንት በኋላ አረፈች።

ከቀብሩ በኋላ ዶክተሯን ሄጄ አገኘኋት። ያኔውኑ ብናገር ትድን ነበር ወይ አልኳት። «አይመስለኝም» አለችኝ። እውነቷን ይሁን አዝናልኝ፣ እስካሁን አላውቅም።

ጌታቸውና ትዕግሥት በንስሐ አባታቸው ፊት ይቅር ብለውኛል። ዛሬም ቤታቸው ስሄድ ትዕግሥት ምግብ ታቀርብልኛለች፤ ሥጋው ድርቅ እስኪል የበሰለ ነው። ዝም ብዬ እበላለሁ። ስለዚያ ፋሲካ አንድም ቀን አንስታብኝ አታውቅም። አንዴ እንኳ ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር።