ጋቢ የለበሰችው ሣጥን

ሠርካለም ደባርቅ ውስጥ፣ በአንዲት ክፍል፣ በመብራት የድንች ችግኝ ታፈላለች። ለመብራቱ ኃይል የምታቀብለው የብረት ሣጥን፣ ድራይቨር የሚሏት፣ በሦስት ወር ውስጥ ሁለቴ ተቃጠለችባት። ሦስተኛዋም ከተቃጠለች ለክረምት የሚተከል ችግኝ አይኖርም። ቢጨንቃት ከዳባት ሬዲዮ ጠጋኙን ጋሽ የሺዋስን አስመጣች።

ሽማግሌው ገብተው ቢያዩ ሣጥኗ ከመብራቱ በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ በጋቢ ተጠቅልላ ተቀምጣለች።

«ምነው ልጄ፣ አራስ ናት እንዴ?»

«የደባርቅን ብርድ አያውቁትም ጋሼ? እንዳይበርዳት ብዬ ነዋ!»

«እሷን የሚገድላት የገዛ ሙቀቷ ነው። ብርዱማ መድኃኒቷ ነበር!»

ጋቢውን ገፈፏት። ከመብራቱ ወበቅ አርቀው፣ ነፋስ በሚያገኛት በመስኮቱ አጠገብ፣ ከጀርባዋ ክፍተት ትተው ግድግዳው ላይ ሰቀሏት። በማግስቱ ሠርካለም እጇን ብታሳርፍባት ለብ ብላለች እንጂ አታቃጥልም።

ያችው ሣጥን ይኸው ዓመት አለፋት፤ ችግኙም ለክረምት ደረሰ። ሠርካለም ምስጋናዋን በአንድ ጆንያ ድንች ላይ ጋቢውን አጥባ ጨምራ ዳባት ድረስ ላከች። ጋሽ የሺዋስ ይህን ሲያጫውቱኝ ያንኑ ጋቢ ተከናንበውት ነበር።

«እኔማ ይበርደኛል» አሉኝ እየሳቁ፣ «እግዜር ይስጣት!»