ከእሳት የተረፈው ዋተር

ከወልድያ ስንሸሽ እኔ አንድ ድስትና የልብስ ሻንጣ ያዝኩ። አባቴ የያዙት ግን መዝገበ ቃላት ነው! የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት፣ ያውም ጡብ የሚያክል። «አባባ፣ ኧረ ጋቢ ይያዙ» ብላቸው «ጋቢ እህቴ ቤት አይጠፋም፣ መዝገበ ቃላት ግን የላትም» አሉኝ። ዕድሜያቸውን ሙሉ እንግሊዝኛ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ስለሆኑ ክርክር አያዋጣም። መንገዱን ሙሉ ያንን ጡብ የተሸከምኩት ማን ይመስላችኋል? እኔው ነኝ።

መርሳ አክስቴ ቤት ገባን። አክስቴ የአባቴ ታላቅ እህት ናት፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ነው የምትኖረው። ፊደል አልቆጠረችም፣ ግን «አላውቅም» የሚባል ነገር ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። በቅጡ እንኳ ሳናርፍ ጦርነቱም ተከትሎን መርሳ ገባ። ለካ እሱም እዚህ ዘመድ ነበረው! መብራት ጠፋ፣ ስልክ ጠፋ፣ ቦኖው ደረቀ። ወንዙ ክረምት ስለሆነ ጭቃ ነው የሚያወርደው፤ ስለዚህ መንደሩ በሙሉ ጀሪካኑን ይዞ ከበላያችን ያለችው ምንጭ ላይ ይሰለፋል። ክብሪት የሚባል ነገር የለም። እሳት ከጎረቤት በገል እንጭራለን፤ እንጨቱ ደግሞ እርጥብ ነው፣ ያጨሳል እንጂ አይነድም።

የሆነ ሆኖ አክስቴ እሳት ማቀጣጠል ቻለችበት። ሽሮው ቶሎ ቶሎ ይደርስ ጀመር። እኔም እሰየው ብዬ በላሁ፣ አባቴም ጣታቸውን እየላሱ በሉ። አንድ ቀን ታዲያ አባቴ አንድ ቃል ሊያዩ መዝገበ ቃላታቸውን ሲያነሱ እጃቸው ላይ ቀለለባቸው። ገለጡት። ኤ የለም። ቢ የለም። ኧረ ምኑ ቅጡ፣ ከፊተኛው ልባስ እስከ ደብልዩ ድረስ ተበልቷል! ያን ሁሉ ቀን የበላነው በእንግሊዝኛ የበሰለ ሽሮ ነው ማለት ነው።

አክስቴ ነገሩ ሲገባት ፊቷ አመድ መሰለ። «ወንድምዬ፣ አፈር ልብላልህ! ከፊት ከፊቱ እኮ ነው የቀደድኩት። የፊት የፊቱን አንብበህ ጨርሰኸዋል ብዬ!»

አባቴ ቢቆጡ ደግ ነበር። ለእሳቸው ቁጣ ጤናቸው ነው። እሳቸው ግን አንድ ቃል ሳይተነፍሱ አልጋ ላይ ወጡ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፣ ጋቢውን ተከናነቡ። ምሳ ሲቀርብ ዝም። ራት ሲቀርብ ዝም። በማግስቱም ያው። አክስቴ እንቁላል ከየት እንዳመጣች እንጃ፣ ጠብሳ አቀረበችላቸው፤ እሱም በረደ። ጎረቤታችን መጥታ «ያ ረቢ፣ መምህር ምን ነካቸው?» ስትል ምን ብለን እንንገራት? በዚያ ሰሞን ሰው በጥይት ነው የሚሞተው፤ የእኔ አባት በሽሮ ምክንያት ሊሞቱብኝ ነው! ያስቃል አይደል? ያኔ ግን አልሳቅንም። ከንፈራቸው ደርቆ ተሰነጣጠቀ። አክስቴ ማድ ቤት ገብታ ደረቷን እየደቃች «ወንድሜን ገደልኩት፣ በገዛ እጄ ገደልኩት» ስትል እኔም አብሬያት አለቀስኩ።

በሦስተኛው ቀን ምናልባት ደስ ይላቸው እንደሆነ ብዬ ከእሳት የተረፈውን አንስቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። የመጀመሪያው ገጽ ግማሹ ተገንጥሏል፤ የተረፈው ከዋተር ይጀምራል። እሱን ጮክ ብዬ ማንበብ ያዝኩ። አባቴ ንቅንቅ የለም። አክስቴ ከእግራቸው ሥር ቁጭ ብላ ባቄላ ትፈለፍላለች።

«ምን ይላል?» አለችኝ።

«ውሃ ይላል።»

«ውሃ ለማለት ነው ይሄ ሁሉ ወረቀት? እንኳን አነደድኩት!»

«ሌላም ሌላም አለው፣ እትዬ። ይኸው ዋተርሜሎን ይላል።»

አክስቴ አላመነታችም። «ዋተር ውሃ ነው ካልሽ፣ ሜሎን ሚሊዮን ነው። ሚሊዮን ውሃ፣ በቃ ጎርፍ ማለት ነው።»

ከጋቢው ውስጥ «እጭ» የሚል የንዴት ድምፅ ሰማሁ። ተያየን። ቶሎ ብዬ ሌላ ቃል ፈለግሁ።

«ዋተርፎል?»

«ውሃ የበዛበት ፉል።»

አንዱ እግራቸው ጋቢውን ረገጠ። አክስቴ ባቄላውን ወደዚያ ገፋ አድርጋ ወደ አልጋው ተጠጋች። ዓይኗ በርቷል፣ የጎረምሳ ዓይን መስሏል። «ቀጥይ፣ ቀጥይ!» አለችኝ።

«ዋተርፕሩፍ።»

«እሷንማ አውቃታለሁ!» አለች። እውነትም ያወቀችው መስሏት ነበር። «ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና ሰዓት ሲገዛ ነጋዴው ዋተርፕሩፍ ነው አለው። አጥልቋት ወንዝ ወርዶ ታጠበ፤ እዚያው ቀጥ አለች። ስለዚህ ዋተርፕሩፍ ማለት ውሃ ሲነካው የሚሞት ማለት ነው።»

«አያስገባም!»

ሦስት ቀን ዝም ያለ ጉሮሮ ነውና ድምፃቸው እንደ ዛገ በር ነው የጮኸው።

«አስገብቷል እንጂ! ሰዓቷ ሞተች እያልኩህ!»

«ውሃ የማያስገባ ማለት ነው፣ አንቺ ሴትዮ!» አሉና መልሰው ተከናነቡ። ስንለምናቸው፣ ስናባብላቸው፣ ወይ ፍንክች! ያን ቀንም ራት አልበሉም። አክስቴ ግን እያፏጨች ነው የተኛችው። «ቤት ውስጥ ስሳሳት እግሩን ካነሳ» አለችኝ በሹክሹክታ፣ «ሕዝብ ፊት ብሳሳት ይነሳል።»

በማግስቱ ምንጩ ጋ ወረፋው እንደ ወትሮው ነው፤ ጀሪካኑ ተደርድሯል፣ ባለቤቶቹ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለዋል። ከማዶ ከባድ መሣሪያ ሲያጓራ ሁሉም አንገቱን ይቀብራል፤ ሲያባራ ወሬው ይቀጥላል። አክስቴ ነጠላዋን አደግድጋ መሀል ቆመች። «ዝም ብላችሁ ከምትውሉ እንግሊዝኛ ላስተምራችሁ! ዋተርፕሩፍ ማለት ምን ማለት ነው? ውሃ ሲነካው የሚሞት! በሉ እስቲ!»

ሴቶቹ መጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ ሥራ ፈት ሰው ነውና እሷን ተከትለው ይሉላት ጀመር። ጎረቤታችን «ወላሂ፣ ስልኬ ዋተርፕሩፍ ነው፣ ባልዲ ውስጥ ወድቆ ሞቷል» ስትል እኔ በሳቅ ልፈነዳ ሆዴን ይዤ ወደ ቤት ሮጥኩ።

«አባባ! መርሳ በሙሉ እየተሳሳተ ነው! እትዬ ወረፋው ላይ እያስተማረች ነው!»

«ማ?» ጋቢው ወረደ።

«እትዬ። ፉሏንም ጎርፏንም ጀምራለች።»

አባቴ ተነሱ። ያቺን ሰዓት ሳስባት አሁንም ዓይኔ እንባ ያቀራል። ግድግዳውን ያዙ፣ ከዘራቸውን ሰጠኋቸው፣ ጫማቸውን የግራውን ለቀኝ አጥልቀው ወጡ። ልደግፋቸው ስል «ልቀቂኝ!» ብለው ቆጣ አሉ። ቁጣቸው ደስ አለኝ፤ እግዜር ይመስገን አልኩ።

ገና ከሩቅ ከዘራቸውን አነሱ። «ሁላችሁም ወድቃችኋል!»

ወረፋው ብድግ አለ። አክስቴ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። አባቴ አንድ ጀሪካን ላይ ቁጭ አሉና ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ ጀመሩ። «ዋተር የሚጠጣው ብቻ አይደለም። ሽንኩርትሽን ስታጠጪ ዋተር ታደርጊዋለሽ። ጭስ ገብቶ ዓይንሽ ሲያነባ እሱም ዋተር ነው። ምግብ ሸቶሽ አፍሽ ምራቅ ሲሞላ እሱም ዋተር ነው። ዋተርሜሎን ሀብሀብ ነው፣ የምን ጎርፍ! ዋተርፎል ፏፏቴ ነው!» ጎረቤታችን ስለ ሀብሀቡ ስትሰማ ምራቋን ዋጠችና ከመቀነቷ ቆሎ ፈታ እጃቸው ላይ አደረገችላቸው። እሳቸውም እያስተማሩ ሳይታወቃቸው መቆርጠም ያዙ። አክስቴ ጀርባዋን አዙራ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ጀሪካናችን ሲሞላ እንኳ ማንሳቱን ረስተነው ከኋላ ያሉት ጮኹብን።

ማታ ሽሮ ቀረበ። አባቴ እጃቸውን ታጥበው ገበታው ላይ ቀረቡ። አክስቴ ግን አልበላም ብላ እግራቸው ሥር ቁጭ አለች።

«ወንድምዬ፣ መጽሐፍህን ፈጀሁብህ። በምን ልካስህ?»

አባቴ ጎርሰው፣ አኝከው፣ ዋጡ። ሌላ ጉርሻ ጠቀለሉና በእጃቸው አፏ ውስጥ አደረጉላት።

«ነገ ለውሃ በስንት ሰዓት ነው የምትወጡት?» አሉ።

«ጎህ ሲቀድ ነው፣ ወንድም ዓለም። ምነው?»

«ቀስቅሱኝ። ግማሾቹ ገና አልገባቸውም።»