ጠባሳው በግራ ነበር

ባለፈው ሳምንት አንዲት ወጣት ቤቴ መጣች። የድሮ ሠዓሊዎችን ሥራ ሰብስባ አሶሳ ላይ ለሕዝብ ልታሳይ ነው። ያገኘችው ሁሉ የወንድ ሥራ ሆኖባት ጨንቋታል። «እርስዎ በሰፈራው ዘመን መምህርት ነበሩ አሉ፤ በዚያን ጊዜ የምትሥል ሴት አያውቁም?» አለችኝ።

«ኧረ የት ተገኝቶ! ሰው እህል ባጣበት ዘመን ማን ይሥላል?» ብዬ አፌን ሞልቼ መለስኩላት። አመስግናኝ ሄደች። በሩን ዘጋሁ። ውሸታም! ስልሳ ዓመት አልፎኝ እንኳ ያው ፈሪ ነኝ። አንዲት ሴት አውቃለሁ እንጂ። ሥራዋን በጭቃ የመረግኩት ራሴ ነኝ።

ያኔ ሃያ ዓመቴ ነው። ከባምባሲ ተልኬ፣ ከአሶሳ ወጣ ብሎ ባለ የሰፋሪዎች መንደር መሠረተ ትምህርት አስተምር ነበር። መንደሩ ቁጥር እንጂ ስም የለውም። ቤቶቹ አንድ ዓይነት፣ በመስመር የቆሙ ስለሆኑ ሰው ከእርሻ ሲመለስ ተሳስቶ የጎረቤቱ ቤት ይገባል። የአንዷን ሴት ቤት ግን ማንም አይስትም ነበር።

ከወሎ የመጣች ናት፤ እትዬ እላት ነበር። ከጊዜያዊ መጠለያው ሲጫኑ፣ በግርግሩ የዘጠኝ ዓመት ልጇን ሌላ መኪና ላይ ሰቀሉባት። እናት አሶሳ ወረደች፤ ልጅ የት እንደወረደች እንጃ። «ፓዌ ሰፈራ ሳይወስዷት አልቀሩም» አሏት። ማመልከቻ ጻፍኩላት፤ መልስ የለም። ደግሜ ጻፍኩላት፤ ዝም። አንድ ቀን «ተይው መምህርት» አለችኝ። «ያንች ጽሑፍ ልጄን አይመስልም።»

ከዚያ በመንገዱ በኩል ባለው ግድግዳዋ ላይ ልጇን ሣለቻት። እህል የሚያመላልሱት መኪናዎች በዚያ ነው የሚያልፉት። ከሰፈራ ሰፈራ የሚዞር ሾፌር አይቶ «ይህቺንስ አውቃታለሁ» እንዲላት ነው።

ጥላሸት፣ ቀይ አፈር፣ ነጭ አፈር፣ እንጨት ጫፍ ላይ የታሰረ የፍየል ፀጉር፤ ያላት ይኸው ነበር። ልጅቷ ጋሜ ናት። ከንፈሯን ነክሳለች፣ ሳቋ ሊያመልጣት ነው። በግራ ቅንድቧ ላይ ጠባሳ አለ። ባለፍኩ ቁጥር «እንደምን ዋልሽ» ልላት ይቃጣኝ ነበር።

ልጅ የጠፋባቸው ሌሎች እናቶችም መጡ። የእነሱን ልጆች አይታቸው አታውቅም፤ ታዲያ ምን ታደርጋለች? «አፍንጫው ከዚህ መንደር የማንን ይመስላል? ሒጅ ጥሪልኝ» ትላለች። እናትየዋ ባለአፍንጫውን ሰው ከእርሻው ጎትታ ታመጣለች፤ ቀጥሎ ባለአገጩን፣ ቀጥሎ ባለጆሮውን። እንዲህ እየለቀመች አምስት ልጆች አወጣች። እናቶቹ ሲያዩ መሬት ላይ ቁጭ ብለው ነበር የሚያለቅሱት።

አንድ ቀን የአሶሳ ተወላጅ የሆነ ሾፌር መኪናውን አቁሞ የእትዬን ልጅ ሥዕል ትክ ብሎ አየ። አማርኛው ሴትና ወንድ አይለይም። «ወላሂ፣ ፓዌ አንድ ልጅ አለ፣ ይህን ይመስላል» አለ። «ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለው፤ ስሙን ሲጠይቁት ግን አይናገርም። አሁን እዛ ነው የምሄደው። በደንብ አየዋለሁ፤ እሑድ ሳምንት መጥቼ ከዚህ ጋር አስተያያለሁ።» እትዬ ከዚያ ወዲያ እህል በአፏ አልዞረም።

ሾፌሩ ሊመለስ ጥቂት ቀን ሲቀረው የመንደሩ ካድሬ ጠራኝ። «ጓድ መምህርት፣ ዓርብ ከላይ እንግዶች ይመጣሉ። ያ ግድግዳ ምን እያለ እንደሆነ ገብቶሻል? ሰፈራው ልጅ ቀማ እያለ ነው! እስከ ነገ ማታ በጭቃ ይመረግ። አለዚያ እሷም አንቺም ከተማ ሄዳችሁ ታብራራላችሁ።» ለማብራራት የሄደ ሰው ሲመለስ አላየሁም።

«እትዬ፣ እባክዎ ይመረግ» አልኳት።

«ሾፌሩ እሑድ ይመጣል እኮ! ሦስት ቀን ነው የቀረው፣ በእመቤቴ!»

«ያስሩናል፣ እትዬ።»

 ከዚያ ገብታ አመድ ይዛ ወጣች፤ ሥዕሎቹን በመዳፏ ቀስ እያለች በአመድ ታሻቸው ጀመር። «አመድ የነካው ግድግዳ ጭቃ አይይዝም» አለችኝ በሹክሹክታ። «እሑድ በጣቴ አነሳዋለሁ። ልጆቹ ከሥር ደህና ይቆያሉ።» የሌሎቹን እናቶች ልጆች አስቀደመች፤ የራሷን መጨረሻ አደረገች፤ እኔም አመድ በለበሱት ላይ ጭቃ እየለጠፍኩ ተከተልኳት። የራሷ ልጅ ጋ ስትደርስ አመዱ አለቀባትና ልትጨምር ወደ ውስጥ ገባች።

ይኼኔ ካድሬው በመንገዱ ብቅ አለ።  እኛ ቤት ጭቃ ከመለጠፉ በፊት ግድግዳው ውኃ ይረጫል፤ እጄ ሌላ ነገር አያውቅም። ውኃ ረጨሁና ልጅቷ ፊት ላይ ጭቃውን ለጠፍኩት። እትዬ አመዱን ይዛ ስትወጣ ሥራው አልቋል። ጣቷን ጭቃው ላይ አሳረፈች። «ውኃ አስነካሻት?» አለች። አመዱ ከእጇ ወደቀ።

ዓርብ እንግዶቹ መጡ። አንደኛው ግድግዳውን አይቶ «ንጽሕና ማለት እንዲህ ነው» ብሎ የእትዬን እጅ ጨበጠ። ካድሬው ጥርሱ ሁሉ ታየ።

እሑድ መኪናው ደረሰ። እትዬ ጭቃውን ከጠርዙ መፈልቀቅ ጀመረች፤ ፀሐይ አድርቆት እየተሰነጠቀ ወረደ። አምስቱ ልጆች አመድ እንደለበሱ ደህና ሆነው ወጡ። ሴቶቹ እልል አሉ። የመጨረሻው ግን ሲነሳ ግድግዳው ላይ ቀይ እድፍ ብቻ ቀረ። ቀለሙ በውኃው ሟምቶ ከእኔ ጭቃ ጋር ተላቆ ነበር። የልጅቷ ፊት ከጭቃው ጀርባ እንደ ማኅተም ታትሟል፤ ግን ግራው ቀኝ ሆኗል።

ሾፌሩ ጎንበስ ብሎ አየ። «አይ» አለ። «ፓዌ ያለው ልጅ ጠባሳው በግራ ነው። ይሄ በቀኝ ነው። ሌላ ልጅ ነው።»

«በግራ ነው!» ብላ ጮኸች እትዬ። «ጭቃው ገልብጧት ነው፣ ወንድምዬ! በግራ ነው!» ሴቶቹም «በግራ ነው!» አሉ።

ሾፌሩ አዘነላት፤ አላመነም ግን። «እናት እንዲህ ይላል፤ ጎረቤትም ለሷ ያወራል። የሌላ ሰው ልጅ በስህተት ይዤ ልምጣ?» ወደ እኔ ዞረ። «መምህርት፣ አንቺ ንገሪኝ። ጠባሳው በየት ነበር?»

ካድሬው የእህሉን መውረድ ሊያይ መጥቶ ከኋላው ቆሟል። ዓይኑ እኔ ላይ ነው። የእትዬም ዓይን እኔ ላይ ነው።

«አላስታውስም» አልኩ።

መኪናው ሄደ። በሦስተኛው ቀን የእትዬ ቤት ባዶ ሆኖ ተገኘ። በእግሯ ወደ ፓዌ ወጣች አሉ። ያለ ፈቃድ ለሚወጣ ሰፋሪ መንገዱ ሁሉ ኬላ ነበር። ትድረስ አትድረስ እስከ ዛሬ አልሰማሁም። ያንን ጭቃ ግን የምተኛበት ክፍል በር ላይ አስደግፋልኝ ነው የሄደችው። ፊት ለፊት ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም፤ በጨርቅ ጠቅልዬ ሳጥን ውስጥ አስቀመጥኳት። ቤት በቀየርኩ ቁጥር ይዣት ዞሬአለሁ።

ትናንት ወጣቷን ደውዬ አስጠራኋት። «ዋሽቼሻለሁ» አልኳት፤ ሁሉንም ነገርኳት። የእትዬን ስም ከነአባቷ አስጻፍኳት። ጭቃውን ከሳጥኑ አውጥቼ ጨርቁን ፈታሁላት።

ወጣቷ ከቦርሳዋ ትንሽ መስታወት አወጣችና በጭቃው ትይዩ ያዘችው። ምነው እኔ አንድ ቀን እንኳ እንዲህ ባደረግኩ! ልጅቷ ከነጋሜዋ፣ ከንፈሯን ነክሳ አየችኝ።

«በግራ ነበር» አልኩ፣ ሾፌሩ ደጅ ላይ ቆሞ የሚጠብቀኝ ይመስል ጮክ ብዬ። «ጠባሳው በግራ ነበር።»