በልቼ ነው የመጣሁት

ይህ የገጠመኝ በጃንሆይ የመጨረሻ ዓመታት፣ ኮልፌ አሥራ ስምንት ማዞሪያ አካባቢ ተከራይተን ስንኖር ነው። ክረምት ነበር፤ የመጀመሪያ ልጄን ወልጄ ገና ከአራስ ቤት መውጣቴ ነው። ዛሬም ሰው “በልቻለሁ” ሲለኝ ያ ጊዜ ይመጣብኛል።

ባለቤቴ ታደሰ ግንበኛ ነው። ዝናቡ ሲበረታ ሥራ ጠፋ። እኔ ሽሮ አቀጥናለሁ፣ እንጀራውም አይበቃንም። ከአጥሩ ወዲያ ያለችው ዘነበች ግን ባሏ ሞቶባት፣ ሦስት ልጆች ይዛ፣ የወጧ ሽታ እኛ ጓዳ ድረስ ይመጣል። መልከ ቀና ሴት ናት። አንድ ቀን ታደሰ በሯ ላይ ቆሞ ከሷ ጋር ሲስቅ አየሁት።

ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ እየሳቀ ይገባና “በልቼ ነው የመጣሁት፣ አንቺ ብዪ” ይለኝ ጀመር። የት እንደበላ ስጠይቀው “ከሰዎች ጋር” ይላል። ቅናት አንጀቴን በላው። ሸሚዙን ሳጥብ የሷን ወጥ ይሸት እንደሆነ አሸተው ነበር።

አንድ ቀን አልቻልኩም፤ ልጄን አዝዬ ሄድኩባት። ድንች ትልጣለች።

“ባሌን የምታበዪው አንቺ ነሽ አይደል?” አልኳት።

ቢላዋውን አስቀመጠች። “ኧረ ስንቴ ግባ ብዬው እምቢ ብሎኛል። ፊቱን አላየሽውም እንዴ? ገርጥቷል እኮ።”

“ታዲያ የት ነው የሚበላው?”

ልጄን አየች፣ እኔን አየች። “አንቺ ልጅ ታጠቢያለሽ” አለች ቀስ ብላ።

ያኔ ገባኝ። የትም አይበላም ነበር።

ዘነበች አስቀመጠችኝና ድንቹን አብረን ከተፍን፤ ከሽሮው ጋር አንተከተከችው። “እንጀራ ሲያንስ ድንቹ ሆድ ይይዛል” አለችኝ። ከቆጮዋም ቆርሳ ሰጠችኝ።

ማታ ታደሰ “በልቼ...” ብሎ ሲጀምር ድስቱን ፊቱ አስቀመጥኩ። “ዘነበች ዘንድ ሄጄ ነበር” አልኩት። አቀረቀረ። ከዚያ ላብ እስኪያጠምቀው በላ። ሲጨርስ “እንዲህ ያለ ሽሮ በልቼ አላውቅም” አለ፤ እዚያው በዘነበች እንደገና ቀናሁ።

ዘነበችን በኋላ እንደ እህት ያዝኳት። ዛሬ የምቀናው በታደሰ ነው። እኔ ባዶ ሆዴን እንደሱ እየሳቅኩ ቤት መግባት አልችልበትም ነበር።