የመሪጌታው ጥንቸል

ባለፈው ሐምሌ ገሳይ ከተማ ላይ የተሳፈርንበት መኪና ጎማ እስኪቀይር ወርጄ ቆምኩ። ከአንድ ጓሮ ዝናብ የመታው የገብስ ገለባ ሽታ መጣ። ፊቴ ጋለ። ያ ሽታ ሲመጣብኝ መጀመሪያ የሚሰማኝ ናፍቆት ሳይሆን እፍረት ነው፤ ይኸው ልጆች አሳድጌ እንኳ አልለቀቀኝም።

አባቴ ደብረ ታቦር ውስጥ መሪጌታ ነበሩ። ሲያልፉ ሰው ከመቀመጫው ይነሣላቸዋል። ጥንቸሉን ያመጣው ታላቅ ወንድሜ ነው። የትምህርት ቤቱ የግብርና ክፍል ያረባቸውን ጥንቸሎች ለተማሪዎች ሲያከፋፍል አንዱ ደረሰው፤ ነጭ፣ ጆሮው አመድማ። አባቴ «ይህን ርኩስ ከደጄ አርቅ» እያሉ ይቆጣሉ፤ ወንድሜ ደግሞ ኮቱ ውስጥ ደብቆ ያስገባዋል። እንዲህ እያሉ ወራት አለፉ።

ከዚያ ወንድሜ ለብሔራዊ ውትድርና ተመለመለ። በሚሄድበት ጠዋት በር ላይ ቆሞ፣ «አባዬ፣ ክረምቱን ብቻ ያሳልፉልኝ። እዚህ ጓሮ ከቆየ ይሞታል» አላቸው። አባቴ ጋቢያቸውን ሰብስበው ወደ ውስጥ ገቡ። እሱም ያንን አይቶ ሄደ።

ሰኔ ገብቶ ከጉና ተራራ የሚወርደው ብርድ ሲጠና፣ ጓሮ ያለው የጥንቸሉ ሣጥን ውሃ ገባው። አባቴ ጥንቸሉን አንሥተው ወደ ቤት አስገቡት። እኔና እናቴ ተያየን።

ጥንቸሉ ግን ጎርምሶ ነበር። የአልጋውን እግር፣ ሌማቱን፣ ያገኘውን ልብስ ሁሉ ይሸናበታል። የሰው ቁርጭምጭሚት እየዞረ ይታገላል። አንድ እሑድ አባቴ ጋቢያቸውን ደርበው ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። እኔ በሴቶቹ በኩል ቆሜ አያቸዋለሁ። ከጎናቸው የነበሩት ደብተራዎች አንድ በአንድ ፈቀቅ ማለት ጀመሩ፤ አንድ ዲያቆን በነጠላው አፍንጫውን ያዘ። የአባቴ ዜማ እንደ ወትሮው ከፍ አለ፤ ጆሯቸው ግን ቀልቶ ነበር። ከኋላዬ ሴቶች «የጥንቸል ሽንት ነው አሉ» ሲባባሉ፣ መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ አልኩ።

ስንወጣ አንድ ቄስ፣ «መሪጌታ፣ ጥንቸል ርኩስ መሆኑን እኛ ነን የምንነግርዎ?» አላቸው።

«ብበላው ነው እንጂ ባሳድረው ምን አለበት» አሉ አባቴ፤ መንገዳቸውን ቀጠሉ።

እቤት ስንደርስ እናቴ ጋቢውን ዘፈዘፈችና፣ «ወይ ይጣሉት፣ ወይ ያስኮላሹት። በግም ሲኮላሽ አደብ ይገዛል» አለች። አባቴ ብዙ አሰቡ። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞረው፣ «ቅዳሜ ቅርጫት አዘጋጂ» አሉኝ።

ዛሬ ከተማ ውስጥ ሰው ድመቱን ሲያስኮላሽ የሚያፍር የለም። ያኔ ግን መሪጌታ ጥንቸል በቅርጫት ይዘው፣ ሴት ልጃቸውን አስከትለው፣ በገበያ ቀን! ወደ ጋፋት በሚወስደው መንገድ ዳር ከነበረው የከብት ክሊኒክ ስንደርስ ገበሬዎች ወይፈኖቻቸውን ይዘው ተሰልፈዋል። ግቢው ፍግና መድኃኒት ይሸታል።

የከብት ሐኪሙ «መሪጌታ፣ በሬዎ የታለ?» አላቸው። አባቴ የቅርጫቱን ክዳን ከፈቱ።

ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። አንዱ ገበሬ፣ «ለፋሲካ ሙክት ሊያደርጉት ነው መሰል» አለ። እኔ ዓይኔን ከመሬት አልነቀልኩም።

«የልጄ ነው» አሉ አባቴ፣ ማንንም ሳያዩ። «እሱ ጦር ሜዳ ነው። አደራ ብሎኝ ነው።»

ሳቁ ቆመ። ያ የቀለደው ሰው ወይፈኑን ወደ ኋላ ሳበና፣ «የእኔም እዚያው ነው። ይቅደሙ መሪጌታ» አለ።

ወይፈን የሚኮላሽበት ጉጠት ለጥንቸል የሚሆን አልነበረም። ሐኪሙ በመርፌ አደነዘዘውና በትንሽ ምላጭ ሠራው። እኔ ፊቴን አዙሬ በአንድ እጄ እግሮቹን፣ በሌላው ደረቱን ያዝኩ፤ ልቡ መዳፌ ላይ ይርገበገብ ነበር። ሲጨርስ፣ «ብርዱን ይችለዋል፤ የሚገድለው እርጥበቱ ነው። ከመሬት ከፍ ያለ ደረቅ ቤት ይሥሩለት» አለ።

መዶሻ ይዘው አይቻቸው የማላውቀው አባቴ ሠሩለት። አራት እግር፣ ዘቅዘቅ ያለ የቆርቆሮ ክዳን፤ ጀርባው እሳት የሚነድበትን የማድ ቤት ግድግዳ የተደገፈ፣ ፊቱ ላይ የማዳበሪያ ጆንያ የተጋረደበት፣ ውስጡ የገብስ ገለባ የተነጠፈበት። ጎረቤት በአጥር እያሾለከ ያያል። የሰፈሩ ልጆች እስከ ትምህርት ቤት በር ድረስ «የመሪጌታው ጥንቸል!» እያሉ ይከተሉኛል። ማታ ማታ አባቴ በዝናብ ወጥተው እጃቸውን ገለባው ውስጥ ያስገባሉ። «ደረቅ ነው» ይላሉ ለራሳቸው። እኔ ደግሞ ማንም እንዳያያቸው እጸልያለሁ።

ጥንቸሉ ረጋ፤ ሽታውም ቀስ በቀስ ጠፋ። ያንን ክረምትና ከዚያ በኋላ የመጡትን አለፈ፤ አርጅቶ ሞተ። ወንድሜ ግን አልመጣም።

ከዓመታት በኋላ፣ መንግሥት ሲወድቅ ነው የመጣው። እግሩ አብጦ፣ የሰው ኮት ለብሶ፣ ተሸንፎ መመለሱን አፍሮ ከአጥሩ ውጪ ቆሞ ሲያመነታ እናቴ አየችው። ገብቶ ተቀመጠ። ስለ ጦርነቱ ማንም አልጠየቀውም። እሱ ራሱ ነው ቆይቶ፣ «ክረምቱን አለፈ?» ያለው።

«ብዙ ክረምት አለፈ። አርጅቶ ነው የሞተ» አሉ አባቴ። ከዚያ አንገታቸውን ደፉ። እንዲያ ሲያፍሩ አይቻቸው አላውቅም። «አንድ ነገር ግን አለ። ሳልጠይቅህ አስኮላሸሁት። ሌላ መላ አጣሁ።»

ወንድሜ ቀና አለ። «እርስዎ ራስዎ ይዘውት ሄደው?»

«በቅርጫት።»

«በገበያ ቀን?»

«በገበያ ቀን» አሉ አባቴ፣ ድምፃቸው እየሰለለ።

ወንድሜ ሳቀ። ሆዱን ይዞ፣ እንባው ጉንጩ ላይ እስኪወርድ ሳቀ። አባቴም ግራ ገብቷቸው ትንሽ ፈገግ አሉ። ወንድሜ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖሯል፤ እንደዚያ ሲስቅ ግን ዳግመኛ አልሰማሁትም።